የእንቁጣጣሽ ቆዳ

ሦስት ዓመት ሙሉ የመንዝን በግ ፀጉር እየገለጥኩ ተባይ ስቆጥር ኖሬ፣ የቆጠርኩትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ውጭ አገር በሚታተም መጽሔት ላይ አወጣሁት። እስከማውቀው ድረስ አራት ሰዎች አንብበውታል። ሁለቱ ይታተም አይታተም ብለው የሚወስኑት ገምጋሚዎች ናቸው፤ ከእነሱም አንደኛው እስከ መጨረሻው አላነበበውም ብዬ እጠረጥራለሁ፣ የሰጠኝ አስተያየት ስለ ፍየል ነበርና። ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ነው። የእሱ ስም ከእኔ ስም ቀጥሎ ስለተጻፈ ቢያንስ እዚያ ድረስ አንብቧል። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

ነገሩ ስለ እከክ ነው። በግ ፀጉሩ ሥር ደም የሚመጥ ተባይ ሲራባበት ይታከካል፤ ሰውነቱን ከካብ ጋር ሲፈትግ ውሎ ፀጉሩን ይጨርሳል፣ ይከሳል። ሲታረድም ቆዳው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ በውኃ በጥብጦ በጉን ማጠብ። ያልታወቀው መቼ ይታጠብ የሚለው ነበር፤ መድኃኒቱ ለየቤቱ የሚዳረሰው በዓመት አንዴ ብቻ ስለሆነ ወሩን በደንብ መምረጥ ያስፈልጋል። የሦስት ዓመት ድካሜ ሲጨመቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል፦ በጎች በጥቅምት ይታጠቡ።

አንድ ቀን አለቃዬ ቢሮው ጠራኝና ምርምሬ በኪነ ጥበብ አማካይነት «ለአርሶ አደሩ ተደራሽ» እንዲሆን መመረጡን አበሠረኝ። ተደራሽ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ማንም ያልደረሰበትን ነገር ሁሉ የምንጠራበት ቃል ነው። ዕቅዱ እንዲህ ነው፦ አንድ ሠዓሊ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ አንድ ብራና ፍቀው በእጃቸው የሚጽፉ መሪጌታ ከሞላሌ አካባቢ ይገኛሉ፣ እኔ ዕውቀቱን አመጣለሁ፤ ሦስታችን ተባብረን በእጅ የተሠሩ ሦስት መጻሕፍት እናወጣለን። አንዱ ሞላሌ፣ አንዱ ዘመሮ፣ አንዱ ዓለም ከተማ ይቀመጣል። ዓለም ከተማ ለምን እንደተጨመረ አልገባኝም፤ በዚያ ቆላ የሚበዛው ፍየል ነው። ምናልባት ያ ገምጋሚዬ ይሆናል ያስጨመረው።

ዕውቀቱን አመጣለሁ ያልኩት እየቀለድኩ አይደለም። ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። ሠዓሊው ቀለም፣ መሪጌታ ቆዳ፣ እኔ ዕውቀት።

ግንቦት ላይ ሞላሌ ተገናኘን። ሠዓሊው የመጣው ስስ ጃኬት ለብሶ ነው። መንዝ በስስ ጃኬት የሚመጣ ሰው በሁለተኛው ቀን የበግ ፀጉር ባና ገዝቶ ይከናነባል፤ እሱ ገና ከአውቶብስ ሳይርቅ ገዛ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እጁም የተባረከ ነው። ጣጣው ማሰብ መውደዱ ነበር። ከመምጣቱ በፊት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕግ ሲያጠና ከርሞ ኖሯል። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ኃጢአተኛና ሰይጣን ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ስለዚህ ጤነኛውን በግ ፊት ለፊት አደረገው፤ እከክ የያዛትን በጎን በአንድ ዓይን ሣላት። «ሕዝቡ ይህን ምስላዊ ቋንቋ ያውቀዋል» አለኝ በኩራት።

እውነቱን ነው፣ ሕዝቡ አወቀው። የሙከራ ሥዕሉን እንዲያዩልን ከጠራናቸው ገበሬዎች መካከል አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። እትዬ ነው የምላቸው። በሦስቱም ዓመት በጎቻቸውን ስቆጥር የኖርኩት እሳቸው ቤት ነው፤ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው መድኃኒቱን ተቀብለው የሚያጥቡ፣ በሪፖርቴ ላይ «ሞዴል» እያልኩ የማነሣቸው ሴት ናቸው። ብራናው ላይ የተሣለውን ስንሰጣቸው አስቀድመው ተሳለሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት፤ ከዚያ ነው ያዩት።

«ይቺ የማን በግ ናት?» አሉ።

«የማንም አይደለችም፣ እትዬ። እከክ የያዛት በግ ናት።»

«ታዲያ ምን አድርጋ ነው ከይሁዳ ጋር ያሰለፋችኋት?»

ሠዓሊው ስለ ምስላዊ ቋንቋ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አዳምጠው ሲጨርሱ «ታማ እንጂ በድላ ነው እንዴ? ሁለተኛ ዓይኗን ስጣት እንጂ ልጄ፣ እግዜርም አይወደው» አሉት። ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ዓይን ሰጣት። ከመጽሐፉ ሥዕሎች ሁሉ ያማረው እሱ ሆነ፤ የታመመች በግ ቀና ብላ ሰውን ፊት ለፊት ስታይ። ዛሬም ሳየው ሆዴን ያባባዋል።

መሪጌታ ሌላ ሰው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቤታቸው ከሞላሌ ወጣ ብሎ ከደብሩ አጠገብ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ቆዳ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ይቆማል። ሲፍቁ ቀስ ብለው ነው፤ ሲጽፉ ደግሞ ከዚያም ቀስ ይላሉ። ሠዓሊው መጽሐፉ «ሰንሰል» እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ ሰንሰል ማለት እየታጠፈ የሚደራረብ፣ ሲዘረጉት ግን ግድግዳ ላይ እንደ አንድ ረዥም ወረቀት የሚሰቀል የጥንት መጽሐፍ ነው። መሪጌታ ሐሳቡን ወደዱለት። እኔን ግን ጽሑፍሽን አምጪ አሉኝና ወደ አማርኛ የመለስኩትን አሥራ አንድ ገጽ ተቀብለው አስቀሩት።

በማግሥቱ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁኝ። «የተባይ ጭነት ወቅታዊ መዋዠቅ» ብዬ ከጻፍኩት በላይ «ተባዩ የሚበዛበትና የሚያንስበት ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል። «ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት» የሚለውን በአሥራ ሁለት ቦታ ሰርዘውታል። አሥራ አንዱ ገጽ ሦስት ገጽ ተኩል ሆነ፤ የጎደለ ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። በሕይወቴ እስከ መጨረሻው ያነበበኝ የመጀመሪያው ሰው መሪጌታ ናቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። አንባቢ ማግኘት ምን እንደሚያስከትል ገና አላወቅኩም።

የመጽሐፉ ምረቃ ሦስት ቀን ሲቀረው ሠዓሊው ሥዕሉን ጨርሷል፤ መሪጌታም የመጀመሪያውን ሰንሰል ጽፈው አድርሰዋል። ወደ መሪጌታ ቤት ወጣሁ። ዘርግተው አሳዩኝ። ጥቁሩ ቀለም ያበራል፣ ቀዩ ርዕስ ያምራል፤ አንዲት ፊደል ከመስመሯ አልወጣችም። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ሁለት መስመር የሚያህል ቦታ ባዶውን ተቀምጧል።

«መሪጌታ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

«ይቺን ‹በጥቅምት ይታጠቡ› የምትለዋን አልጻፍኳትም ልጄ። ቦታዋን ግን ትቼላታለሁ።»

«ለምን? ዋናዋ እኮ እሷ ናት!»

«ነይ እስቲ ወደ ብርሃን።»

ከጓዳቸው ሁለት የተፋቁ ቆዳዎች አውጥተው ደጅ ላይ ከፀሐይ ፊት ለፊት ያዙልኝ። አንደኛው ጥርት ያለ ነው። ሌላው ጤፍ የተበተነበት ይመስላል፤ ከላይ እስከ ታች ነቁጥ በነቁጥ ነው፣ አንዳንዱ ነቁጥ ሲፋቅ ተበስቷል። እከክ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከላይ ከፀጉሩ በኩል የቆጠርኩት ነገር ከውስጥ በኩል እንዲህ እንደሚታይ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ይኸኛው የፋሲካ ቆዳ ነው» አሉ ጥርት ያለውን እያሳዩ። «ይኸ ደግሞ የእንቁጣጣሽ። የእንቁጣጣሽ ቆዳ ለጽሕፈት አይሆንም፤ ቀለም ይጠጣል፣ ይተረተራል። የመጽሐፍ ማኅደርና ጠፍር ይሠራበታል እንጂ ቃል አይጻፍበትም። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ብራና የሚፍቅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የፋሲካውን እንገዛለን፣ የእንቁጣጣሹን እንተዋለን።»

መጀመሪያ የመለስኩላቸው አንድ ተመራማሪ የሚመልሰውን ነው። ሁለት ቆዳ ማስረጃ አይሆንም አልኳቸው። እሳቸውም አልተከራከሩኝም፤ አርባ ዓመት በየበዓሉ ሲፍቁ የኖሩትን ቆዳ ብዛት አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ብቻ እንዲህ አሉ፦ «ቆዳው በእንቁጣጣሽ እንዲህ ከተበላሸ ተባዩ የገባው በክረምት ነው። በጎቹ ዝናብ ሸሽተው ቤት ውስጥ ከነርጥበታቸው ተጣብቀው የሚያድሩት ያን ጊዜ ነው። በጥቅምት ብታጥቢው የበላውን በልቶ ጨርሷል። በክረምት ስትቆጥሪ ስንት አገኘሽ?»



በክረምት ቆጥሬ አላውቅም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ማለቂያ የእኛ መኪና ወደዚያ መንደር አይወጣም፤ ጭቃው እስከ ፓራፋንጎው ይውጠዋል። ጽሑፌ ላይ ይህ በአንድ መስመር ተጠቅሷል፦ «መረጃው የተሰበሰበው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው።» ገምጋሚዎቼ ምክንያቱን አልጠየቁኝም። ሁለቱም ጥሩ መንገድ ባለበት አገር ሳይኖሩ አይቀሩም። ሦስት ዓመት ያጠናሁት በግ ሳይሆን መንገድ ነበር።

ከዚያ ሌላው ነገር ትዝ አለኝና እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጥኩ። ለማነጻጸሪያ ሳይታጠቡ የተውኳቸው በጎች ነበሩ። ከጥቅምት በኋላ በታጠቡትም ባልታጠቡትም ላይ ተባዩ እኩል ነበር የቀነሰው። የመንዝ ሰው በጉን በየተራ ስለሚጠብቅ የሰፈሩ በግ ሁሉ አንድ ላይ ይውላል፤ እኔም «ያልታጠቡት ከታጠቡት ጋር ስለሚውሉ ተጠቃሚ ሆነዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከመልካም ባልንጀራ ጋር ስለዋሉ ማለት ነው። የቀነሰው ፀሐይ ወጥቶ ስለደረቁ ሊሆን እንደሚችል አንድ ጊዜ ጠርጥሬ ነበር። ጥርጣሬው ደስ ስላላለኝ ሰረዝኩት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

መሪጌታ አዘኑልኝ መሰለኝ አጠገቤ ተቀመጡ። «ካዘዝሽኝ እጽፋታለሁ» አሉ። «ጸሐፊ ታዛዥ ነው፣ የተሰጠውን ይጽፋል። ከታች ግን የአስጻፊዋን ስም በቀይ አሰፍራለሁ። የሚያነብ ሰው የሚመርቀውም የሚጠይቀውም እሷን ነው።»

ወደ ሞላሌ ስወርድ ራሴን እያባበልኩ ነበር። ስህተቱ ታትሞ ቆይቷል፣ ማንንም አልጎዳም፤ ማንም ስላላነበበኝ ማንንም አልበደልኩም። ለካ ሳይነበቡ መኖር ትልቅ ዕረፍት ነው! ብራናው ግን ሌላ ነገር ነው። ወረቀት ላይ ብጽፈው ስኳር ይጠቀለልበታል። ይህን ግን ሰው ሳያነበው በፊት ይሳለመዋል። የተሳለመውን ደግሞ ይሠራበታል። እትዬን እነሆ አይቻቸዋለሁ።

ለአለቃዬ ስልክ ደወልኩ። ዋናዋ ዓረፍተ ነገር ስህተት ልትሆን ትችላለች አልኩት።

«እንዴት ትሆናለች? ታትማለች እኮ!» አለኝ።

«ታትማለች። ግን በክረምት አልቆጠርንም።»

«ስሚ፣ ባነሩ ተሠርቷል። ባነሩ ላይ ያለችው እሷው ናት። አሁን ምረቃው ይለፍና ሌላውን በሚቀጥለው ምዕራፍ እናስተካክላለን።»

ሠዓሊውንም አማከርኩት። ባናውን ተከናንቦ ብዙ አሰበና «ባዶው ቦታ ይቆይ» አለኝ። «ባዶነት ራሱ ኃይለኛ ጽንሰ ሐሳብ ነው።» ከሁሉም ይልቅ ለእውነት የቀረበው ምክር የእሱ መሆኑ አናደደኝ።

ፈርቼ ነበር። ስሜ በቀይ ቀለም መጻፉን አልነበረም የፈራሁት። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ አላውቅም ማለትን ነው፤ አላውቅም ላለማለት ነበር ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት። ሁለቱን ቀን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ ለመሪጌታ ባዶውን ይተዉት ብዬ ላክሁባቸው።

ምረቃው ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከወረዳ የመጡት ከፊት፣ ገበሬዎቹ ከኋላ፣ ባነሩ ከሁሉም በላይ። ባነሩ «በጎች በጥቅምት ይታጠቡ» ይላል፣ ከሥሩ የተዘረጋው ሰንሰል እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ምንም አይልም። ሁለቱን ያስተያየ ባለሥልጣን አልነበረም። አንድ በአንድ እየተነሡ ስለ ሳይንስና ጥበብ ጋብቻ ተናገሩ። ተጋቢዎቹ እኔና ሠዓሊው መሆናችን ነው፤ መሪጌታን እንደ ሽማግሌ ከዳር አስቀምጠዋቸዋል። ከዚያ እኔ ተጠራሁ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረ። ሁሉም ጠፋብኝ። «በጥቅምት እጠቡ ብዬ ሦስት ዓመት ነግሬያችኋለሁ» አልኩ። «የተሳሳትኩ ይመስለኛል። በክረምት መጥቼ አይቼ አላውቅም። ትክክለኛው ጊዜ ክረምቱ ሳይገባ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ገና አላውቅም። መጽሐፉ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ለዚህ ነው።»

ከዚያ ከፊት ያሉት አጨበጨቡ። እየቀለድኩ አይደለም፣ ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ። ንግግር ካለቀ ይጨበጨባላ። አለቃዬም አጨበጨበ፤ ፊቱ ግን አብሮ አላጨበጨበም። ከኋላ ያሉት ገበሬዎች እጃቸውን አላነሡም፤ እነሱ ይሰሙ ነበርና።

ጠላና ዳቦው ሲቀርብ ሰው ወደ ደጅ ወጣ። እትዬ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን እንደተቀመጡ ቀርተዋል። ይቆጣሉ ብዬ ሄድኩ። መቆጣታቸውን እፈልገውም ነበር፣ ያቀልልኛል ብዬ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አሁን ያልሽው እውነትሽን ነው? በጥቅምት መሆኑ ነው ጥፋቱ?»

«ይመስለኛል፣ እትዬ።»

«አጠባቡ አይደለም?»

«የምን አጠባብ?»

መሬት መሬት አዩ። «ጥቅምት ውርጭ ነው። ካጠብኳቸው በኋላ ፀጉራቸው ሳይደርቅ ቀኑ ይመሻል። ካቻምና አንድ ግልገል፣ አምና ሁለት፣ ብርድ ጨርሷቸው አደሩ። የሌላው ሰው በግ አልሞተ፤ የሌላው ሰው መድኃኒቱን ተቀብሎ ይደፋዋል እንጂ መች ያጥባል። እኔ ግን አጠባቡን ያላወቅሁበት መሰለኝ። አንቺ እንዲያ ለፍተሽ አስተምረሽኝ ያበላሸሁብሽ መስሎኝ አፈርኩ። ለሰውም አልተናገርኩ።»

በየዓመቱ «በበሽታ የሞተ በግ አለ?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር። በየዓመቱ «የለም» ይሉኛል፤ ብርድ በሽታ አይደለም፣ አልዋሹኝም። እኔም «የለም» ብዬ ጽፌ፣ አመስግኜ፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እሄድ ነበር። በመንዝ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር ቃሌን ከልቡ የሰማው። የተጎዳውም እሱ ብቻ ነው።

ይቅርታ ማለት አነሰብኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ደብተሬን አወጣሁ፤ እጄ ሌላ የሚሠራው ነገር አላወቀም። ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቄያቸው የማላውቀውን ጠየቅኳቸው።

«እንዴት ነበር የሞቱት፣ እትዬ?»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠጋ አሉልኝ።

«ከየትኛዋ ልጀምርልሽ?» አሉ።